ከአፍንጫ ወይስ ከራስ ቅል? ለእማዬ ዕጢ ሁለት ሐኪም ሁለት መንገድ ነገሩን

ናቲ_ገርጂ · እሑድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እማዬ 58 ዓመቷ ነው። ነገሩ የታወቀን በቡና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ይሰበሰባል። ስትቀዳ መሀል ያሉትን ሲኒዎች ጢም አድርጋ ትሞላለች፤ ከረከቦቱ ግራና ቀኝ ዳር ያሉትን ግን ባዷቸውን ትተዋለች። «እማዬ፣ የዳሩ ቀረ» ስንላት «የቱ ሲኒ?» ትላለች። እርጅና ነው ብለን ሳቅን። ቀጥሎ የበር መቃን ትከሻዋን ደጋግሞ መታት። ከዚያ አስፋልት ስትሻገር ከጎን የመጣ ባጃጅ ለጥቂት ሳታት። መነጽር ቤት ወሰድናት፣ ሁለት ጊዜ ተቀየረላት፣ ለውጥ የለም።

ነገሩን ያወቀችው አንዲት የዓይን ሐኪም ናት። ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ጣቷን በጎን በኩል እያወዛወዘች ፈተሸቻትና «ይሄ የመነጽር ጉዳይ አይደለም፣ ኤምአርአይ ትነሳ» አለች። ውጤቱ የፒቱታሪ ማክሮአዴኖማ፣ ማለትም ከአንጎል ሥር ባለችው የሆርሞን ዕጢ ላይ የበቀለ ትልቅ ዕጢ፣ ከፍታው 34 ሚሊ ሜትር፣ የዓይን ነርቮችን ወደ ላይ የገፋ።

ደሟ ሲመረመር ፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያዘው ሆርሞን) 68 ሆነ። መጀመሪያ ያያት ሐኪም «በክኒን ይሟሽሻል» ብሎ ካበርጎሊን ጀመረላት። 5 ወር ዋጠች። ፕሮላክቲኑ ወደ 4 ሲወርድ ጮቤ ረገጥን። ሁለተኛው ኤምአርአይ ሲነሳ ግን ዕጢው 37 ደርሷል። ዓይኗም ብሷል።

አሁን ሁለት ኒውሮሰርጅኖች (የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች) አይተዋታል። አንደኛው «ትልቅ ነው፣ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ቅል ከፍተን ነው የምናወጣው» አለ። ሁለተኛው «በአፍንጫ፣ በኢንዶስኮፕ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ዘንግ ይወጣል» አለ። ሁለቱም ስም ያላቸው ናቸው። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። እህቴ የአፍንጫ ወገን ናት። አጎቴ «በአፍንጫ የሚታከመው ጉንፋን ነው» ብሎ ዘግቷል። እማዬ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አላት፤ «ዕጢው ይወጣል» ሲሏት ፈጣሪ የሰጣትን ዕጢ ሊያወጡባት መስሏታል።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ እባካችሁ።

---

ሳባ_ሜሪላንድ · እሑድ ማታ

ናቲ፣ አይዞህ። እኔ በአፍንጫ ነው የወጣልኝ። ከአራት ዓመት በፊት።

የእኔ ዕጢ የዕድገት ሆርሞን የሚያመነጭ ዓይነት ነበር። ጫማዬ ከ38 ወደ 41 ሄዶ «እግሬ ወፈረ» እያልኩ ነው የኖርኩት። የቃል ኪዳን ቀለበቴን በሳሙና ማውለቅ አቅቶኝ በመቁረጫ ተቆረጠ። ባለቤቴ እስካሁን በዚያ ይቀልድብኛል።

ቀዶ ጥገናው ያለቀ ዕለት ፊቴ ላይ አንዲት ጠባሳ የለም። ሆዴ ላይ ብቻ ትንሽ ስፌት አለ፤ ቀዳዳውን ለመድፈን ከዚያ ስብ ወስደው ነው። በ3ኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ግን «በአፍንጫ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚሉህን አትስማ። ለሳምንታት በአፌ ነው የተነፈስኩት። አፍንጫዬ ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊት የጉድ ነው። በቀን አራት ጊዜ በጨዋማ ውሃ እያጠብኩ ቅርፊቱ ሲወጣ የአንጎሌ ቁራጭ መስሎኝ ጮኬ ነርሷን ጠርቻለሁ። ሽታ የሚባል ነገር ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ ነበር። ድንች አሮ ጭስ ማንቂያው እስኪጮህ ድረስ ሳላውቅ ቀርቻለሁ።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ድገሚ ብባል ያንኑ መንገድ ነው የምመርጠው።

---

ሬዚደንቱ · እሑድ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

ከተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ። ኒውሮሰርጀሪ ሬዚደንት ነኝ። ፎቶውን ሳላይ «ይሄን አድርጉ» አልልም፤ ሁለቱ ሐኪሞች ምን እያዩ እንደሆነ ግን ላስረዳህ።

መጀመሪያ የቋንቋ ነገር። በአማርኛ ግላንዱም ዕጢ ነው፣ ቲዩመሩም ዕጢ ነው። እናትህ የደነገጡት በትክክል ነው፣ እኛ ነን በደንብ የማናስረዳው። እዚህ የተፈጥሮውን «ፒቱታሪ» እንበለው፣ የበቀለውን «ዕጢ»። የሚወጣው የበቀለው ነው። ፒቱታሪ በትልቅ ዕጢ ስትገፋ እንደ ቀጭን ሽፋን ተለጥጣ ዳር ላይ ትቀራለች፤ ቀዶ ሐኪሙ እሷን ለይቶ ለማትረፍ ነው የሚለፋው።

ስለ 68ቱ። ፒቱታሪ ከአንጎል ጋር የምትያያዘው በቀጭን አገዳ ነው። በዚያ አገዳ ዶፓሚን እየወረደ ፕሮላክቲንን «አትብዛ» ይለዋል። ዕጢ አገዳውን ሲጫነው ትእዛዙ አይደርስም፣ ፕሮላክቲን ትንሽ ከፍ ይላል። ዕጢው ራሱ ፕሮላክቲን የሚያመርት ቢሆን ኖሮ በዚህ መጠን ቁጥሩ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ሺዎች ይገባ ነበር። ካበርጎሊን ደግሞ ከየትም የመጣውን ፕሮላክቲን ያወርዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ወረደ፤ ዕጢው ግን አልሰማም። ለሌሎች አንባቢዎች ግን እውነተኛ ፕሮላክቲኖማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ቀድሞ ይሞከራል፣ ብዙዎቹም ያለ ቢላ ይሟሽሻሉ። አንዳንዴ ደግሞ ዕጢው ግዙፍ ሆኖ ፕሮላክቲኑ ከመብዛቱ የተነሳ ማሽኑ ይሸወድና ትንሽ ቁጥር ያወጣል። ያኔ ላቦራቶሪው ናሙናውን አቅጥኖ ይድገመው።

አሁን መንገዱ። ፒቱታሪ አተር ታህላለች። የተቀመጠችበት የአጥንት ጎድጓዳ ኮርቻ ስለሚመስል ስሙ ራሱ «የቱርክ ኮርቻ» ነው። ከኮርቻው ሥርና ፊት ለፊት ስፌኖይድ የሚባል አየር የሞላው ክፍል አለ፣ እሱ ከአፍንጫ ጀርባ ነው። ከኮርቻው በላይ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ይሻገራሉ። እናትህ የዳር ሲኒ ያጡት ለዚህ ነው። ዕጢው መሻገሪያውን ከሥር ሲጫነው ቀድሞ የሚጠፋው የግራና የቀኝ ዳር እይታ ነው። በኮርቻው ጎንና ጎን ደግሞ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ካሮቲዶች፣ ከነሱ ጋር ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ።

በአፍንጫ ከሄድክ ዕጢውን ከሥሩ ነው የምታገኘው። አንጎልን አትነካም፤ የዓይን ነርቮች ከዕጢው ማዶ ናቸው። በቅል ከሄድክ አንጎልን ገለል አድርገህ፣ በነዚያው በደከሙ የዓይን ነርቮች መሀል ሾልከህ ነው ዕጢው ጋ የምትደርሰው። ስለዚህ በዓለም ላይ አብዛኞቹ የፒቱታሪ ዕጢዎች ዛሬ በአፍንጫ ነው የሚወጡት፣ ትልልቆቹም ጭምር።

«ትልቅ ነውና ቅል» ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ዋናው ቅርጹ ነው። እንደ ሊጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከኮፈሰ ሥሩ ባዶ ሲሆን አናቱ በራሱ ይወርድልሃል። እንደ ውሃ መቅጃ ቅል ወገቡ ከጠበበ ግን ያቺ ጠባብ ወገብ አናቱን ይዛ ታስቀረዋለች። ወደ ጎን ከካሮቲድ አልፎ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ከተዘረጋ፣ ወይ የአንጎል ደም ሥሮችን ካቀፈ፣ ወይ እንደ ጅማት ከደረቀ፣ ያኔ ቅል ከፍቶ ማየት ይመጣል። አንዳንዱ በሁለቱም ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ከሥር፣ የቀረው በኋላ ከላይ።

ሪፖርቱ ላይ ክኖስፕ የሚል ቃልና ቁጥር ካለ ጻፍልኝ። ወደ ጎን የገባበትን ደረጃ ነው የሚናገረው።

---

ጋሽ_መኮንን · ሰኞ ጠዋት

የተከበራችሁ ልጆቼ። ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለናቲ አጎት አንድ ነገር ንገሩልኝ፤ የአፍንጫው መንገድ የትናንት ፋሽን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ውስጥ ሄርማን ሽሎፈር የሚባል ሐኪም ነው የጀመረው። የሰውዬውን አፍንጫ በቢላ ከፍቶ ወደ ጎን አዙሮ ገባ። ያን ጊዜ ኤምአርአይ የለ፣ አንቲባዮቲክ የለ። ቀጥሎ አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ ከላይኛው ከንፈር ሥር መግባት ጀመረ። ከ1910 እስከ 1925 ድረስ 231 ሰው በዚህ መንገድ ሠራ፤ የሞቱበት 5.6 ከመቶ ናቸው። ለዘመኑ ተአምር ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ኩሺንግ ራሱ መንገዱን ትቶ ወደ ቅል ተመለሰ። እሱ ሲተው ዓለምም ተወ።

አንድ ደቀ መዝሙሩ ግን አልተወም። ኤድንብራ የነበረው ኖርማን ዶት። ከዶት ፈረንሳዊው ዤራር ጊዮ ተማረ፣ ከጊዮ የሞንትሪያሉ ዡል አርዲ ተማረና በ1960ዎቹ ማይክሮስኮፕ ጨመረበት። በ1990ዎቹ ደግሞ ኢንዶስኮፑ ብቻውን መግባት ጀመረ፤ ፒትስበርግ ውስጥ አንድ ኒውሮሰርጅንና አንድ የአፍንጫ ሐኪም አብረው። እንደ ቅኔ ነው፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ነው የተረፈው። ያ አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ናቲ የሚመርጠው መንገድ ባልነበረ።

---

ዮኒ_ቦሌ · ሰኞ ጠዋት

ሁሉም ኢንዶስኮፕ ኢንዶስኮፕ ይላል። ማስታወቂያ ነው። የአክስቴ በማይክሮስኮፕ በአፍንጫ ነው የወጣው፣ ከተሠራች ሰባት ዓመቷ፣ ፈረስ ትመስላለች። ጥሩ ሐኪም ካለ መሣሪያው ምን ያደርጋል?

---

ሬዚደንቱ · ሰኞ ከሰዓት

ዮኒ፣ ግማሹን ልክ ነህ።

ማይክሮስኮፑ ከውጭ ቆሞ በጠባብ ቱቦ ቀጥታ ያያል። ጥልቀት ይታይሃል፣ ግን ከቱቦው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው። ኢንዶስኮፑ ራሱ ውስጥ ይገባል። 30 ወይም 45 ዲግሪ ያዘመመ ሌንስ ሲሆን ጥግ ዞሮ ያያል፤ ከኮርቻው ጎን ተደብቆ የቀረውን ያሳይሃል። ጉዳቱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምታየው ጠፍጣፋ ምስል ነው፣ ደም ከበዛ ሌንሱ ይጨልማል፣ እጅ እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል።

አሜሪካ ውስጥ በ7 ማዕከላት ሁለቱን ያነጻጸረ ጥናት በ2019 ታትሞ ነበር። ሆርሞን በማያመርቱ ዕጢዎች ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው በኢንዶስኮፕ 83.7 ከመቶ፣ በማይክሮስኮፕ 80 ከመቶ። ያን ያህል ልዩነት አይባልም። በዚያ ላይ የማይክሮስኮፑ ሰዎች የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው፣ የኢንዶስኮፖቹ ግን ልምዳቸው ያነሰ ነበር። ልዩነቱ የታየው ሌላ ቦታ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አዲስ የሆርሞን እጥረት የመጣባቸው በማይክሮስኮፕ 28.4፣ በኢንዶስኮፕ 9.7 ከመቶ። እኔ ይቺን ቁጥር ቀላል አድርጌ አላያትም፤ ዕድሜ ልክ ክኒን ማለት ናትና።

የአክስትህ ሐኪም ግን እጁ የበሰለ ነበር ማለት ነው። ያ ይበልጣል።

---

አቤል_ሐይፋ · ሰኞ ማታ

እኔ ደግሞ የሌላኛው ወገን ምስክር ልሁን። ቅሌ ተከፍቷል፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የእኔ አዴኖማ አልነበረም። ሜኒንጂዮማ ነው፤ ከኮርቻው ፊት ካለችው ጉብታ ላይ ከአንጎል ሽፋን የበቀለ። እኔም መጀመሪያ «በአፍንጫ ይሁንልኝ» ብዬ ለምኜ ነበር። ሐኪሟ ፎቶውን ስክሪን ላይ አውጥታ አሳየችኝ። ዕጢው አንዱን የደም ሥር ዙሪያውን አቅፎ ከዓይን ነርቩ በላይ ወደ ጎን ዞሯል። «በአፍንጫ ብገባ ነርቩ እኔና ዕጢው መሀል ይሆናል። እዚያ ማዶ ያለውን ሳላይ መጎተት አልፈልግም» አለችኝ። ገባኝ፣ ፈረምኩ።

የተሰፋው ከፀጉሬ መስመር ጀርባ ነው፣ ፀጉር ቤት ካልሄድኩ ማንም አያውቅም። ግራ ዓይኔ አብጦ ለ3 ቀን ተዘጋ። ማንም ያልነገረኝ የመንጋጋውን ጣጣ ነው። ከጆሮ በላይ ያለውን የማኘኪያ ጡንቻ ቆርጠው ስለሚያልፉ አፌን መክፈት መከራ ሆነ፤ ቆሎ የሞከርኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው። የሚጥል በሽታ እንዳይነሳ መድኃኒት ወሰድኩ፣ መኪና መንዳትም ለጊዜው ተከለከልኩ። አፍንጫዬ ግን ምንም አልሆነም፣ ሽታዬም አለ። የግራ ዓይኔ ከነበረበት በጣም ተሻሽሏል።

ቅል መከፈት ጭራቅ አይደለም ለማለት ነው። ለምን እንደሆነ ይንገሩህ እንጂ።

---

ጆሮ_አፍንጫ · ማክሰኞ

የአንገት በላይ ሐኪም ነኝ። ሳባ ስለ ቅርፊቱ ያለችውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው።

በአፍንጫ ሲገባ ትልቁ ስጋት የአንጎል ውሃ መፍሰስ ነው። ዕጢው ከወጣ በኋላ በአፍንጫና በአንጎል መሀል ያለው አጥር ተቀዷል ማለት ነው፤ ካልተደፈነ ማጅራት ገትር ሊከተል ይችላል። ለተራው ቀዳዳ ስብና ሙጫ ይበቃል። ለሰፊው ግን በ2006 የታተመ ዘዴ አለ። ከአፍንጫ መሀል ግድግዳ ላይ ሽፋኑን ልጠን፣ የደም ሥሩን ሳንቆርጥ ወደ ኋላ አዙረን እንለጥፈዋለን። በራሱ ደም የሚኖር እራፊ በለው። ከዚያ ወዲህ ሰፋፊ የአፍንጫ ቀዶ ጥገናዎች ለመድፈር የሚያስፈሩ አልሆኑም። ዋጋውን የምትከፍለው በቅርፊትና ሽታ በማጣት ነው።

ናቲ፣ ሁለተኛውን ሐኪም አንድ ነገር ጠይቀው፤ «አብሮህ የሚገባ የአንገት በላይ ሐኪም አለ?» በለው። ሁለት ሰው፣ አራት እጅ ሲሆን አንዱ ካሜራ ይይዛል፣ ሌላው በሁለት እጁ ይሠራል። የሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የአየር ክፍሎች ሲቲ ስካንም ይነሳ። በአንዳንድ ሰው ሁለቱ ካሮቲዶች በጣም ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ይሄ ቀድሞ ካልታወቀ አደጋ ነው።

---

ሄኖክ77 · ማክሰኞ

በጨረር አይሆንም? ጋማ ናይፍ የሚባለው? ቢላ የለው፣ ምን የለው።

ሬዚደንቱ · ማክሰኞ

ዕጢው የዓይን ነርቩን እየነካ ጨረር ብታተኩርበት ነርቩ አብሮ ይጠበሳል። በመሀላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ጨረሩ ደግሞ ዕጢውን ቀስ ብሎ ነው የሚያቆመው፣ ዓይን ግን አይጠብቅም። ለተረፈ ቁራጭ ግን ጥሩ ነው።

---

ወለተ_ኪዳን · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ ናቲ፣ ጸበል ወስዳችኋቸዋል? በሐኪም ተስፋ የቆረጡ ስንቶች ድነው አይቻለሁ። ቢላ ከመንካቱ በፊት ሱባዔ ይያዙ።

ሲስተር_ትዝታ · ማክሰኞ ማታ

እህቴ ወለተ ኪዳን፣ እኔም ጸበልተኛ ነኝ። እንደ ነርስ ግን አንዲት ነገር ልጨምር። ትልቅ ዕጢ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ያንሰዋል፣ ምትኩ ሃይድሮኮርቲዞን ይታዘዝለታል። ያ ክኒን በጸበልም በጾምም አይቋረጥም። ዋርዳችን ውስጥ ጾም ነው ብላ አቋርጣ ራሷን ስታ የመጣች እናት አይቻለሁ። የንስሐ አባት ሲነገራቸው ይፈቅዳሉ። ጸበሉም ክኒኑም አንድ ላይ ይሂዱ። ድንገት መብረቅ የመሰለ ራስ ምታት መጥቶ ዓይን ከጨለመ ደግሞ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ዕጢው ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል።

ናቲ፣ አስታማሚ አንተ ነህ መሰለኝ፣ ስለዚህ ለአንተ። በአፍንጫ ከሆነ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አፍንጫ መናፈጥ የለም። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ። ጎንበስ ብሎ ማንሳት የለም፣ ሽንት ቤት ማማጥ የለም፣ ዕጣን ማጨስ የለም። ጎንበስ ሲሉ ከአንዱ አፍንጫ ጥርት ያለ ውሃ ጠብ ጠብ ካለና ጉሮሯቸው ላይ ጨው ጨው ካለ ደውሉ፣ ጉንፋን ነው አትበሉ።

የሽንቱን ነገር በደብተር ያዙት። ፒቱታሪ ስትነካ ሽንትን የሚቆጥበው ሆርሞን ሊጠፋ ይችላል። ያኔ እንደ ውሃ የነጣ ሽንት በየሰዓቱ ይሞላል፣ ጥሙም አይቻልም። እኛ በሰዓት 300 ሚሊ ሊትር ለተከታታይ ሰዓታት ካለፈ ሐኪም እንጠራለን። ሁለተኛው ወጥመድ ከሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው። ቤት ገብተው ደህና ሆነው ሳለ ሶዲየም (የደም ጨው) ይወርዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ። ቤተሰብ «ውሃ አልጠጣችም» ብሎ ውሃ ያስጠጣል፣ ይባስ ይወርዳል። በ7ኛው ቀን ሶዲየም አስለኩ፣ ደህና ቢመስሉም።

---

ናቲ_ገርጂ · ዓርብ ማታ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሬዚደንቱ፣ ሪፖርቱ ላይ ክኖስፕ 2 በቀኝ፣ 3 በግራ ይላል። ቅርጹ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወገብ የለውም።

ሁለቱንም ሐኪሞች ተመልሼ አናገርኳቸው። ጥያቄዎቻችሁን ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የሄድኩት። በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ትሠራለህ? ውሃ ቢፈስ በምን ትደፍናለህ? ሌሊት ሶዲየም የሚለካ ላቦራቶሪ አለህ?

ሁለተኛው ሐኪም በዚህ መንገድ ደጋግሞ ሠርቷል፣ የአንገት በላይ ሐኪም አብሮት ይገባል። የገረመኝ ግን አንደኛው ነው። ወረቀቴን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቅሎ እንደገና አየውና «እውነቱን ልንገርህ። ለዚህ ቅርጽ የአፍንጫው ይሻላል። እኔ ግን በአፍንጫ የሠራሁት ጥቂት ነው፣ እጄ የለመደው በቅል ነው። በእኔ እጅ ከሆነ ለእናትህ የሚሻለው ቅሉ ነው። እሱ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ አፍንጫው» አለኝ። ሪፈር ራሱ ጻፈልኝ። ካርድ ክፍያም አልተቀበለኝም።

---

ሬዚደንቱ · ዓርብ ማታ

ይሄን ያለህን ሐኪም ስሙን ባውቀው ሄጄ እጁን እጨብጠው ነበር። አየህ፣ ሁለቱ አልተጣሉም። እያንዳንዱ የሚናገረው ከራሱ እጅ ተነስቶ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ጋር ሆኖ የኒውሮሰርጀሪ ሬዚደንት ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ሁሉም ሰው ሁሉንም መንገድ እኩል አልለመደም፣ በሀብታም አገርም እንደዚያው ነው።

ግራው 3 ከሆነ ከካሮቲዱ ጎን ትንሽ ቁራጭ ሊተዉ ይችላሉ። «ሙሉ በሙሉ አልወጣም» ቢሏችሁ አትደንግጡ። ዓላማው ዓይኑን ነፃ ማውጣት ነው፣ ለመጨረሻዋ ፍሬ ብሎ ካሮቲድ አይነካም።

---

ናቲ_ገርጂ · ከሰባት ሳምንት በኋላ

ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። በአፍንጫ ተሠራላት። 4 ሰዓት ፈጀ። ዕጢው ለስላሳ ስለነበር አብዛኛው በመምጠጫ ነው የወጣው። እንዳልከው በግራ በኩል ካሮቲዱ ጋ የምስር ክክ የምታህል ትተዋል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አይሲዩ ስገባ ፊት ለፊት እያየች «ያቺ በስተቀኝ የተኛችው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች» አለችኝ። ዞር አላለችም። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ፤ በቀኝ ያለ ነገር ሳትዞር ካየች ስንት ጊዜ ሆኗታል።

ሲስተር ትዝታ፣ አንቺን በጸሎት ነው የምናስብሽ። ቤት በገባን በ8ኛው ቀን «ራሴን፣ ያጥወለውለኛል» አለች። አጎቴ የአጥሚት ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። ያልሽው ትዝ ብሎኝ ከእጁ ነጠቅሁት ማለት ይቻላል። ሶዲየም 124። ተመልሳ ተኛች፣ ፈሳሽ በቀን 1 ሊትር ብቻ፣ በ4 ቀን አገገመች። ሃይድሮኮርቲዞኑ ቀጥሏል፤ ይቀነስ አይቀነስ ኢንዶክሪን ሐኪሟ በምርመራ ይወስናል።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ረከቦቱ ፊት ተቀመጠች። ዳርና ዳር ያሉትንም ሲኒዎች ሞላች። ማንም ምንም አላለም፣ እህቴ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ እማዬ ሲኒዋን አፍንጫዋ ጋ አድርጋ ፊቷን አጨማደደችና «ማን ነው ይሄን ቡና የቆላው? ሽታ የለው ምን የለው!» ብላ ተቆጣች። ቤቱ በቡና ጭስ ታፍኖ ነበር።

ሳባ_ሜሪላንድ · ከአንድ ሰዓት በኋላ

ውይ በሞትኩት! የእኔ በ3ኛው ወር ነው መመለስ የጀመረው። መጀመሪያ የመጣልኝ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ነው። የጨዋማ ውሃውን እጥበት አታቋርጡ።

ናቲ_ገርጂ · ከአንድ ሰዓት በኋላ

እሺ ሳቢ። የ3 ወሩ ኤምአርአይና የዓይን ምርመራ ተቀጥሯል፣ እጽፋለሁ። አጎቴ ዓይኗ መመለሱን አምኗል፤ አፍንጫዋን ስታጥብ ሲያያት ግን አሁንም «ጉንፋኗን ነው ያከሙላት» ይላል።